ሸቀጥ ሲያልፍበት መንገደኛ የቆመበት ሐዲድ፦ ወረርሽኝ፣ ድሬዳዋና የተሰናከለው ጉዞ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን ያቋረጠው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ ከልደቷ ጀምሮ ኑሮዋን የመሠረተችው በሚያልፍ ሸቀጥና በሚያልፍ ሰው ላይ ነው። ሸቀጡ የጉምሩክ መጋዘኖችን፣ ኋላም ደረቅ ወደቡንና ኢንዱስትሪ ፓርኩን አስገኘ፤ መንገደኛው ደግሞ ሆቴሉን፣ ሻይ ቤቱን፣ የባጃጁን ሥራና የከፊራን ገበያ አደመቀ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን አብረው የኖሩት ሁለቱ ተለያዩ፤ በዚያው የኢትዮ-ጅቡቲ መስመር የጭነት ባቡሩ መመላለሱን ሲቀጥል የመንገደኛ ባቡሩ አገልግሎቱን አቆመ።

ወረርሽኝ አንድ ተላላፊ በሽታ ከተለመደው መጠን አልፎ በፍጥነት የሚዛመትበት ሁኔታ ሲሆን፣ አህጉራትን ሲሻገር ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ይባላል። እንዲህ ያለ በሽታ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው የመዝናኛ ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም የግድ የማያስፈልግ፣ ቢቀርም የማይጎዳ ተደርጎ ይታያል። የድሬዳዋ ሁኔታ የሚያሳየው ግን በዚህ ስም የሚጠቃለለው ጉዞ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የቃል ኪዳንና የዝምድና ግዴታ፣ ለተቀባዩ ከተማ ደግሞ የዕለት እንጀራ መሆኑን ነው። ስለዚህም ጉዞው እንዴት እንደሚሰናከል፣ ጉዳቱ ማን ላይ እንደሚያርፍና ለሚቀጥለው ጊዜ ምን መዘጋጀት እንደሚገባ መመርመር ለተጓዡም ለከተማውም ይጠቅማል።

በድሬዳዋ በኩል የሚያልፉት እነማን ናቸው?

የመዝናኛ ጉዞ ሰው ለሥራ ወይም ለመንግሥት ጉዳይ ሳይሆን በራሱ ፈቃድ፣ በዕረፍት ጊዜውና ከኪሱ ከፍሎ የሚያደርገው ጉዞ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ጉዞ ብዙ ጊዜ ከባሕር ዳርቻ ጋር ይያያዛል፤ በኢትዮጵያ ግን የአብዛኛው ሰው የዕረፍት ጉዞ ከዘመድ ጥየቃ፣ ከሠርግ፣ ከንግሥና ከስለት ጋር የተሳሰረ ነው።

ለዚህ ዋናው ማሳያ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ራስ መኮንን ወዳሠሩት ወደዚህ ደብር የሚሄድ ስለተኛ ጉዞውን የሚያቅደው ከወራት በፊት ነው፤ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እየጠየቀ፣ አብረውት ከሚሄዱት ጋር እየተቃጠረ ይቆይና፣ ቀኑ ሲቃረብ ጃንጥላውን፣ ጧፉን ወይም የተሳለውን ሌላ ነገር ይዞ በአውሮፕላን፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ያቀናል። ከፊሉ ድሬዳዋ፣ ከፊሉ ሐረር ያድርና በማግሥቱ ወደ ቁልቢ ይወጣል፤ ዳገቱን በእግሩ የሚያያዘውም ብዙ ነው። ለዓመታት ልጅ ስትለምን ኖራ የተሰጣት እናት፣ ልጇን እዚያው ክርስትና ልታስነሣ ስትመጣ፣ ጉዞዋን መዝናኛ ብሎ መጥራት ቢከብድም በትራንስፖርት መዝገብ ላይ የምትቆጠረው ከመዝናኛ ተጓዦች ጋር ነው።

ሁለተኛው የጉዞ መስመር ከጅቡቲ የሚመጣው ነው። በክረምቱ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ደጋው ይወጣሉ፤ ቤት ተከራይተው ሳምንታት የሚቀመጡ፣ ዘመድ ቤት የሚያርፉ፣ ሐኪም የሚጎበኙና ለሠርግ ዕቃ የሚገዙ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ የጎብኚው ጉዞ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጀጎልን፣ በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉትን የለጋ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎችና የፖርክ ኤፒክን ዋሻ ለማየት የሚመጣውን የሀገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ፣ እንዲሁም ልጆቹን ይዞ የትውልድ ሰፈሩን ለመጠየቅ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ ሀገሮች የሚመለሰውን ዲያስፖራ ያጠቃልላል።

በ26 ቀናት ውስጥ የተዘጉ መንገዶች

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ይፋ የተደረገው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ እርሱም ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትላልቅ ስብሰባዎችም ታገዱ፤ በዚያው ሳምንት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 ሀገሮች የሚያደርገውን በረራ ማቋረጡን አስታወቀ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በተመረጡ ሆቴሎች በራሱ ወጪ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ፤ የየብስ ድንበሮችም ከአስፈላጊ ሸቀጥ በስተቀር ለሰው እንቅስቃሴ ተዘጉ። ክልሎች በየተራ አገር አቋራጭ አውቶቡሶችን አገዱ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ይህ ሁሉ የሆነው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ይፋ ከተደረገ በኋላ በ26 ቀናት ውስጥ ነው። ወቅቱ ደግሞ የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለ ሲሆን፣ ረመዳንም የገባው በተከታዩ ሳምንት ነበር። ለፋሲካ ወደ ወላጆቹ ሊሄድ ትኬት የቆረጠውም፣ ዒድን ከቤተሰቡ ጋር ሊያከብር ያሰበውም በአንድ ጊዜ ባለበት ቀረ። ወደ መካ ሊሄዱ የተዘጋጁትም እንዲሁ ሆኑ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ አስቀድሞ በየካቲት ወር ዑምራን አቁማ ነበርና፣ የዚያን ዓመት ሐጅ በሀገሯ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ፈቀደች፤ በቀጣዩም ዓመት ከውጭ የሚመጣ ሐጃጅ አልተቀበለችም።

በዓለም ደረጃ የደረሰው ጉዳት ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 1.5 ቢሊዮን ይጠጋ የነበረው ድንበር ተሻጋሪ የጎብኚዎች ቁጥር በ2020 ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ ያሽቆለቆለ ሲሆን፣ ወደ ቀድሞው መጠን የተጠጋው በ2024 ነው።

ዕረፍቱን የሚበላው ማቆያ

ወረርሽኝ ጉዞን የሚያሰናክለው በሽተኛው ስለማይጓዝ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛ የሚመስለው ሰውም በሽታውን ይዞ ሊጓዝ ስለሚችል ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ እስከ 14 ቀን ሊወስድ እንደሚችል ስለታወቀ፣ ለይቶ ማቆያ ወይም ኳራንቲን የሚባለው ሥርዓት በዚህ ቁጥር ላይ ተመሠረተ። ኳራንቲን የታመመን ሰው ማከሚያ ሳይሆን፣ ተጋልጦ ሊሆን የሚችልን ጤነኛ ሰው መታዘቢያ ነው።

ይህ ሥርዓት ለጤና ጠቃሚ ቢሆንም ለዕረፍት ጉዞ ግን ከክልከላ ብዙም አይለይም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራና በጅቡቲ የሚኖሩ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የሚያስብ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ቢኖር፣ ሲመለስ 14 ቀን በማቆያ ቢያሳልፍ 12 የሥራ ቀኖች እዚያው ያልቁበታል፤ ለጉዞው የሚቀሩት አራት ቀኖች ብቻ ይሆናሉ። የማቆያው ሆቴል ወጪ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዞው ማንም ሳይከለክለው በራሱ የማይቻል ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢትዮጵያ ደንቧን አላልታ፣ ከመድረሱ በፊት ባሉት 120 ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ የፒሲአር ማስረጃ፣ ማለትም ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ አለመኖሩን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት የያዘ ሰው ሰባት ቀን በቤቱ እንዲቆይ ስትፈቅድ ጉዞ እንደገና መንቀሳቀስ የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው መሰናክል መመለሻው ነው። ከጥር 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚበር መንገደኛ ሁሉ ከበረራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የተደረገ የምርመራ ውጤት እንዲያቀርብ ስለተጠየቀ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ከዋሽንግተን የመጣ ሰው ሀገር ቤት ሳለ ቫይረሱ ቢገኝበት የመመለሻ በረራው ያመልጠዋል፤ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርትና የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቁትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉዞውን የሰረዘው መሄድ ስለተከለከለ ሳይሆን መመለሱን ማረጋገጥ ስላልቻለ ነበር።

ሸቀጡ ያላቋረጠበት ምክንያት

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሰጠው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሠራ የታሰበው ለሁለቱም ነበር፤ ለጭነትም ለሰውም። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል በመሆኑ ጭነቱን ማቆም ነዳጁን፣ መድኃኒቱን፣ ማዳበሪያውንና ጭንብሉን ራሱን ማቆም ነበር። ደግሞም አንድ የጭነት ባቡር ብዙ ኮንቴይነር ሲጎትት የሚያስፈልጉት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ የመንገደኛ ባቡር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን በተዘጋ ፉርጎ ውስጥ ለሰዓታት ያቀራርባል። ከጅቡቲ ጋር ያለው ቅርበትም ሥጋቱን አባብሶት ነበር፤ ጅቡቲ በወረርሽኙ መጀመሪያ ወራት ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአፍሪካ ከፍተኛ የተያዦች ቁጥር ከተመዘገበባቸው ሀገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከዚያ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ ማቆያ ይቀመጡ ነበር።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተገነባው የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋውን የጣለውም በዚህ የጭነት መስመር ላይ ነው፤ ለባቡሩ፣ ለደረቅ ወደቡና ለጅቡቲ መንገድ ያለው ቅርበት ዋናው ሀብቱ ነው። ፓርኩ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ማለትም ሸቀጥ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ የሚከማችበት፣ የሚቀነባበርበትና ተመልሶ የሚላክበት ክልል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ወረርሽኙ ሙሉ በሙሉ ባላለቀበት በዚያ ጊዜ ይህ መሆኑ፣ ለሸቀጥ የተዘረጋ መሠረተ ልማት የጤና ቀውስን መቋቋም እንደሚችል ያሳያል።

የሥራ ጉዞም ምትክ አላጣም፤ የፋብሪካ ባለቤትና የውጭ ገዥ በቪዲዮ ተገናኝተው ናሙና ያያሉ፣ ውል ይፈራረማሉ። ስለት ግን በቪዲዮ አይደርስም፤ ሠርግና ለቅሶም በስልክ የሚወጡት ወግ ብቻ እንጂ ልብ የሚያሳርፍ አይሆንም። የግድ አያስፈልግም ተብሎ አስቀድሞ የሚሰረዘው ጉዞ ምትክ የሌለው ጉዞ መሆኑ በወረርሽኝ ዘመን የውሳኔ ሰጪዎች ሚዛን ላይ እምብዛም አይታይም።

መንገደኛው ሲቀር ማን ይከስራል?

አንድ ቤተሰብ ከጅቡቲ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ ድሬዳዋ ሦስት ሌሊት ሲያድር ገንዘቡ በብዙ እጅ ይዘዋወራል። ከጣቢያው የሚያመጣው ባለ ባጃጅ አለ፤ አልጋውን የምታነጥፈውና አንሶላውን የምታጥበው ሴት አለች፤ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፓፓያ ከከፊራ የሚያቀርበው ነጋዴ፣ ለእርሱ ደግሞ ከገጠር በአህያና በግመል ጭኖ የሚያመጣው ገበሬ አለ፤ ወደ ሐረር የሚያደርሰው የሚኒባስ ሹፌር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚያዞረው አስጎብኚ፣ ለመንገድ ስንቅና ለስጦታ ሙሸበክና ሐላዋ የሚሸጥለት ባለ ሱቅ አለ። ከእነዚህ ውስጥ በቋሚ ደመወዝ የሚተዳደረው ጥቂቱ ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን የሥራ ውል እንዳያቋርጡ ታግደው ነበር፤ ይህም በፋብሪካና በትልልቅ ሆቴሎች የተቀጠረውን ሰው በመጠኑ ጠብቆታል። ባለ ባጃጁንና አስጎብኚውን፣ የቀን ሠራተኛዋንና ባለ ጉልቷን ግን የሚጠብቅ ውል አልነበረም፤ የእነርሱ ገቢ የተቋረጠው መንገደኛው በቀረበት ዕለት ነው። በላሊበላ፣ በጎንደርና በአክሱም የነበሩ አስጎብኚዎችም ተመሳሳይ ዕጣ የደረሳቸው ሲሆን፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ገና ያላገገመው ሥራቸው በሌላ መከራ ተመታ።

ትልቁ ድርጅት ወደ ሌላ ሥራ ለመዞር የሚያስችል አቅም ነበረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ያጡ አውሮፕላኖቹን ወንበር እያነሣ ለጭነት በማዋል፣ የሕክምና ቁሳቁስ ለአፍሪካ ሀገሮች በማጓጓዝ ኪሳራውን ለመቋቋም ችሏል። የባጃጅ ሹፌር ግን ባጃጁን ወደ ምን ሊለውጠው ይችላል? ስለ ወረርሽኝና ቱሪዝም ሲነገር የአየር መንገዶችና የሆቴሎች ኪሳራ ጎልቶ ቢሰማም፣ ጥልቁ ጉዳት የደረሰው ግን ሒሳቡ በማንም መዝገብ ላይ በማይገኝ ሰው ላይ ነው።

የተከፈለው ገንዘብ የማን ነው?

ጉዞ ሲሰናከል የሚነሣው የመጀመሪያው ጭቅጭቅ አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይደነግጋል፤ ይህም ተዋዋዩ ሊገምተው የማይችለውና ግዴታውን ፈጽሞ እንዳይወጣ የሚያደርገው ነገር ማለት ሲሆን፣ ሕጉ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል የመንግሥት ክልከላ ይገኝበታል። በዚህ መሠረት አውቶቡስ በመንግሥት ትእዛዝ ሲቆም ባለ አውቶቡሱ ስላላጓጓዘ ካሣ አይጠየቅም፤ ውሉ ሲፈርስ ግን ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ የሚለው መርህ የተከፈለው ዋጋ እንዲመለስ ያስገድዳል። ተጓዡ ራሱ በሥጋት ምክንያት ከቀረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መንገዱ ክፍት፣ አገልግሎቱም ያለ በመሆኑ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ የሚወሰነው በውሉ ቃል ነው። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ ሰው መብቱን እንዲተው ወይም የሌለውን መብት እንዲጠይቅ አድርጎታል።

በውጭም ክርክሩ ያው ነበር። በርካታ አየር መንገዶች ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ቫውቸር፣ ማለትም በሌላ ጊዜ ለመብረር የሚያገለግል የዋጋ ወረቀት መስጠትን ሲመርጡ፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ከሰረዘ ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ እንዳለበት አስታወቀ። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረርሽኝን ከሽፋኑ ያወጣ ነበር፤ ስለሆነም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ወራት ለዓለም አቀፍ መንገደኞቹ እስከ 100,000 ዩሮ የሕክምና፣ በቀን እስከ 150 ዩሮ የማቆያ ወጪ የሚሸፍን ዋስትና መስጠቱ፣ ተጓዡን የሚያስፈራው በሽታው ብቻ ሳይሆን ወጪው መሆኑን የተረዳ እርምጃ ነበር።

ከቀድሞው የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ መንገድና በሽታ አብረው እንደሚሄዱ የተማረችው በኮቪድ አይደለም። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ላይ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን መትቶ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የኅዳር በሽታ የተባለው ያ እልቂት ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ በሚቃጠልበት ልማድ ሲታወስ ኖሯል። ድሬዳዋም በበኩሏ ከኮቪድ ጥቂት ወራት በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን አልጋ ላይ አውሎባት ነበር። ያ በሽታ መንገድ ባያዘጋም፣ ሞቃትና ብዙ እንግዳ የሚያልፍባት ከተማ ለወረርሽኝ ያላትን ተጋላጭነት አስቀድሞ አመልክቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ጉዞ ተመልሷል፤ ዝግጅቱ ግን ከጉዞው ጋር መመለስ አለበት። ተጓዡ ሁሉንም ክፍያ አስቀድሞ ከመፈጸም ይልቅ ቀን ማዛወር የሚፈቅድ ትኬትና ሆቴል ቢመርጥ፣ ደረሰኙን ቢያስቀምጥ፣ ድንገት ቢቆይ የሚያስተዳድረው መጠባበቂያ ቢይዝ ጉዳቱን ይቀንሳል። አጓጓዡና ሆቴሉ መንግሥት ጉዞ ሲያግድ ገንዘብ የሚመለስበትን ወይም ቀን የሚዛወርበትን ደንብ በትኬቱና በደረሰኙ ላይ አስቀድመው ቢጽፉ ጭቅጭቁ ይቀራል። ከተማ አስተዳደሩም ባለ ባጃጁን፣ አስጎብኚውንና የሆቴል የቀን ሠራተኛዋን በማኅበር አደራጅቶና በቁጠባ አስተሳስሮ፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ የሚደርስላቸው ፈንድ ቢያቋቁም፣ ለሸቀጥ የተሰጠው ጥንቃቄ ለሰውም ተሰጠ ይባላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን የአመለካከት ለውጥ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ጉዞ መገደብ ሕይወት ያድናል፤ ይህ አያከራክርም። የትኛው ጉዞ መቼ እንደሚቆምና በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈት ሲወሰን ግን ዘመድ ጥየቃው፣ ንግሡና ስለቱ ከቅንጦት ጋር ተደምረው የመጨረሻው ሰልፍ ላይ መቆም የለባቸውም፤ ምርመራ፣ የተወሰነ ቁጥርና አስቀድሞ የተነገረ ቀን ተዘጋጅቶላቸው ሊስተናገዱ ይችላሉ። ይህን ሥርዓት የሚጽፉት የጤና፣ የትራንስፖርትና የባህል ተቋማት፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከሆቴል ባለቤቶች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ያለባቸው በሽታው ከገባ በኋላ በጥድፊያ ሳይሆን፣ መንገዱ ክፍት፣ ሰውም ጤነኛ በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ነው።